«ዓሣ ነባሪ»፣ «አንበሪ» እና የአደኑ እገዳ

እ.ኤ.አ. በ1946 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በተለምዶ «ዓሣ ነባሪ» የምንለውን እንስሳ አደን ይደነግጋል፤ እንስሳው ምን እንደ ሆነ ግን አይበይንም። በማጠቃለያ ሰነዱ ላይ የተያያዘው በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተጻፈ የስሞች ዝርዝር ብቻ ነው። ዶልፊንና መሰሎቹ በስምምነቱ በተቋቋመው ኮሚሽን ሥልጣን ሥር ይወድቃሉን? አባል አገሮችን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ይህ ጥያቄ በከፊል ከዚያ ዝርዝር ይነሣል። የመዝገበ ቃላት ሥራ ይህን ያህል የሕግ ክብደት ሲያገኝ እምብዛም አይታይም።

በግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት ቃሉ «ዐንበሪ»፣ ብዙው «ዐናብርት» ነው። የአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል «ዓሣ አንበሪ» ይላል። «ነባሪ» የሚለው ቅርጽ፣ እንደምንገምተው፣ የ«አንበሪ» ፍች በተናጋሪው ዘንድ ሲደበዝዝ ወደ «ነበረ» ተስቦ የተፈጠረ ነው። ይህስ ባላስቸገረ፤ የሚያስቸግረው ፊተኛው ቃል፣ «ዓሣ»፣ ነው።

ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲኬድ የሚሻገሩትን የጉማራን ወንዝ እንመልከት። የጣና አጥማጆች ቀረሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን ለይተው ይጠራሉ። ከነጭ ዓሣ ወገን አያሌዎቹ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ የተዘረጋ እንደ ሆነ የዓመቱ ዘር ሳይፈለፈል ይቀራል። መድኃኒቱ በእነዚያ ወራት መረብን መከልከል ነው፤ ያመለጠችው እናት በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለችና። አንበሪ ግን በሳንባዋ የምትተነፍስ፣ አንድ ግልገል ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት፤ ታላላቆቹ ዳግመኛ እስኪወልዱ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልፋል። ወቅትን መዝጋት ለእርሷ አይበቃም። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1982 የወሰነው፣ ከ1985/86 የአደን ወቅት ጀምሮም የጸናው እገዳ ለንግድ የሚደረገውን አደን በጠቅላላው ያቆመው ስለዚህ ነው። እገዳው ዛሬም አልተነሣም፤ ጃፓን ግን በ2019 ከኮሚሽኑ ወጥታ ለንግድ ማደኗን ቀጥላለች። ይህ ውሳኔ «ዓሣ የማጥመድ እገዳ» ተብሎ ቢተረጎም የፎገራው አንባቢ ከጉማራው ክልከላ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ የውሳኔውም ምክንያት ይሰወርበታል።

የኮሚሽኑ የራሱ ቋንቋም ቢሆን አሳስቶ ያውቃል። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የአደኑ መጠን የሚወሰነው «የሰማያዊ አንበሪ ልክ» በተባለ መለኪያ ነበር፤ አንዱ ሰማያዊ አንበሪ እንደ ገንዘብ በስድስት ሴይ አንበሪ ይመነዘር ነበር። መለኪያው የዘይትን ብዛት እንጂ የነገዱን ቁጥር ስለማያሳይ፣ አዳኙ ቁጥሩ የተመናመነውን ከመግደል አልከለከለውም።

እንግዲህ ለእንስሳው «አንበሪ»፣ ለድርጊቱ «የአንበሪ አደን»፣ ለ1982ቱ ውሳኔ «የአደን እገዳ» እንዲባል እናሳስባለን። «ዝግ ወቅት» ለጉማራው ዓይነት ክልከላ ብቻ ይቆይ። «ዓሣ ነባሪ» ከመዝገበ ቃላት አይፋቅ፤ ወደ «አንበሪ» የሚመራ ቃል ሆኖ ይግባ። «ዶልፊን» ሕዝብ የለመደው ስለ ሆነ አይነካ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት፣ ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ላይ የተደረገው ስምምነት ታላላቆቹን አንበሪዎች ስለሚዘረዝር፣ ተርጓሚው ጉዳዩን ለባሕር አገሮች ሊተወው አይችልም።

አንበሪንና ዶልፊንን በአንድነት ለመጥራት «የአንበሪ ወገን»ን እንመርጣለን። «የባሕር አጥቢዎች» የሚለው ሌሎችንም ስለሚያካትት ለዚህ ይሰፋል።