ወንበር በር

የፋሲል ግቢ አሥራ ሁለት በሮች አሉት። ከእነሱ አንዱ ወንበር በር ይባላል፤ የዳኞች በር ማለት ነው። ለዳኝነት የራሱ በር መለየቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጎንደር አራዳ ውስጥ በየሆቴሉና በየቢሮው የሚሠራው ሰው ግን ቅሬታውን ይዞ የሚገባበት በር ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ነገሩ ከሥራ በኋላ ቡና ላይ ሐሜት ሆኖ ይወጣል፤ አለቃውም መጨረሻ ይሰማል።

ሕጉ ከሠራተኛው ጎን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል። የአለቃን የተቋጠረ ፊት ግን አዋጅ አይፈታውም።

ፊቱ ለምን ይቋጠራል? ተመራማሪው ናትናኤል ፋስትና ሁለት ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በችሎታቸው የማይተማመኑ ኃላፊዎች የሠራተኛን ሐሳብ እንደሚሸሹ አሳይተዋል። አስተያየቱን የሚሰሙት «አልቻልክም» እንደተባሉ አድርገው ነው። እኔ ቁልፉን የማገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩን ከሰውየው ክብር መለየት።

የጥምቀት ሰሞን ነው እንበል። ሆቴሉ ሞልቷል፤ እንግዳ ተቀባይዋ አለቃዋ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው መስጠቱን ታያለች። እንግዶች ፊት «ጋሼ፣ ለሁለት ሰው ሰጡት እኮ!» ብትል እውነቷን ነው፤ ሰውየው ግን የሚያስበው ስለ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ኀፍረቱ ይሆናል። ለብቻው ሲሆን ጠብቃ «ጋሼ፣ 12 ቁጥር በሁለት ስም ተመዝግቧል። ለአንደኛው ከአሁኑ ሌላ ቦታ ልፈልግለት? እርስዎ ምን ይላሉ?» ብትልስ? ስሕተቱን አልሸሸገችም፤ መፍትሔም ይዛ ነው የገባችው።

ትሕትና ማለት ነገርን መሸፋፈን እንዳይመስለን። ሰምና ወርቅ ለቅኔ ያምራል፤ በሥራ ላይ ግን ወርቁ ከሰሙ ሥር ከቀረ አለቃው ምንም አልሰማም። ደግሞ ነገሩ ስርቆት ወይም ጾታዊ ትንኮሳ ከሆነ የአለቃን ስሜት መጠበቅ የሠራተኛው ዕዳ አይደለም። ጉዳዩ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ወደ ሕግ ይሂድ፤ ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኞች ይበቃሉ።

በሩን የሚከፍተው ግን ኃላፊው ነው። ስብሰባ ላይ «ቅሬታ ያለው?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። እየዞረ «በዚህ ሳምንት ሥራሽን ያጓተተው ምንድን ነው?» ቢል መልስ ያገኛል። ያልቻለውንም በሳምንቱ ተመልሶ ይንገራት፦ «የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፤ ዘንድሮ ገንዘቡ አልተገኘም።»