ያረጀ የስልክ ባትሪ በቤት ሲቀየር

ስልካችሁ ቶሎ ቶሎ እየዘጋ የተቸገራችሁ ብዙዎች ናችሁ። «ማታ ሞልቼው አደርኩ፤ ረፋድ ላይ ሞተ» ስትሉን ሰምተናል። ዓረብ አገር ያለች ልጅ ስትደውል ስልኩ ዝግ ይሆናል። የእህል ዋጋ እየጠየቃችሁ ሳለ ወሬው ይቋረጣል። አንዳንዶቻችሁም ስልኩ ያለቀለት መስሏችሁ፣ በግ ሸጣችሁ አዲስ ልትገዙ አስባችኋል።

በጉ ይቆይ። ብዙ ጊዜ ያረጀው ባትሪው ብቻ ነው። ማረሻው ዶለዶመ ተብሎ ሞፈሩ አይጣልም።

በስልክ ባትሪ ውስጥ ሊትየም የሚባል ቀላል ብረት አለ። እንዲህ ያለው ባትሪ ለገበያ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚህ ያበቁት ሦስት ሊቃውንትም በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ባትሪው ውስጥ ሁለት ወገን አለ። በመካከላቸው እንደ ወረቀት የሳሳ መጋረጃ አለ። ቻርጅ ስናደርግ ሊትየሙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራል። ስልኩን ስንጠቀምበት ደግሞ ይመለሳል። ከብት ጠዋት ከበረት ወጥቶ ማታ እንደሚገባ ማለት ነው። ነገር ግን በየጊዜው ጥቂት ጥቂቱ ሳይመለስ እዚያው ይቀራል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሲያልፍ በረቱ እየጎደለ ይሄዳል። ብዙ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ጊዜ ከሞሉ በኋላ እንደ አዲስነታቸው አይዙም።

ሙቀት እርጅናውን ያፋጥነዋል። ባትሪ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ነፍስ ይዘራል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ ይብሱን ይገድለዋል። በሶላር ስትሞሉም ሳህኑ ፀሐይ ላይ ይሁን፣ ስልኩ ግን ጥላ ውስጥ ይግባ። ከምድጃም ይራቅ።

ማርጀቱ በምን ይታወቃል? 30 ወይም 40 በመቶ አለኝ እያለ ድንገት ይዘጋል። ሲሰካ ቶሎ ይሞላል፣ ሲነቀል ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ የከፋው ምልክት ግን እብጠት ነው። የስልኩ ጀርባ ይነሣል፤ መስታወቱም ከጎን ይላቀቃል። የሚወጣ ባትሪ ከሆነ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና በጣት ነካ አድርጉት። እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ውስጡ ጋዝ ሞልቷል ማለት ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዱ አባት ያበጠ ባትሪ በመጅ ተጭነው ሊያቃኑ ሲሉ ደረስንባቸው። «ምን ይሆናል ልጆቼ፣ ይቺን የምታህል ነገር!» አሉን። እውነት ነው ትንሽ ናት። ነገር ግን ያ ስስ መጋረጃ ከተቀደደ ሁለቱ ወገኖች ይነካካሉ። ወዲያው ይግላል፣ ይቀጣጠላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ ከዓለም ገበያ የሰበሰበው ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ ነው። ሲመረመር ከባትሪዎቹ አንዳንዶቹ ጥጋቸው ላይ ተጨቁነው ተገኙ። የዚያን ያህል መጨቆን ይህን ካመጣ፣ መጅ ምን እንደሚያመጣ እናንተው ገምቱ። ያበጠ ባትሪ አይመታም፣ አይነከስም፣ በመርፌ አይወጋም። ቻርጅም አይደረግም። እኚያ አባት መጃቸውን ወደ ወፍጮው መልሰዋል።

አሁን ወደ መቀየሩ እንለፍ። በቤት የሚቀየረው ጀርባው በጥፍር የሚከፈት ስልክ ነው። በቁልፍ የሚደወልባቸው ስልኮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። በጣት ከሚነኩት፣ ሰው «ታች» ከሚላቸው ስልኮችም እንዲህ ያሉ አሉ። በመጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ስልኩን አጥፉ። እጃችሁ ደረቅ ይሁን። በክዳኑ ጥግ ስንጥቅ አለ፤ ጥፍር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡት። ቢላዋ አያስፈልግም። ባትሪው ባንድ በኩል ለጣት የተተወ ቦታ አለው፤ በዚያ በኩል ወደ ላይ ሲሳብ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይፈራሉ። «ባትሪው ሲወጣ ቁጥሬ አይጠፋም ወይ? የቴሌብር ገንዘቤስ?» ይላሉ። አይጠፋም። ስልክ ቁጥራችሁ ከሲም ካርዱ ጋር ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። ገንዘቡ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ፣ በሂሳባችሁ ላይ ነው። ፎቶውም ባለበት ይቆያል። ምናልባት ሰዓትና ቀኑ ቢዛባ ነው፤ እሱን ማስተካከል ነው።

ባትሪው ከወጣ በኋላ ገልብጡና አንብቡ። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው። ቁጥሩ ግን በማታ ትምህርት የተማራችሁት ቁጥር ነው። 3.7 ወይም 3.8 የሚል ታገኛላችሁ፤ ከጎኑ ባላ የመሰለ ፊደል አለ። ይህ ቮልት ይባላል፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት ነው። አዲሱም ባትሪ ይኸው ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቀጥሎ ተለቅ ያለ ቁጥር አለ፤ 1020 ወይም 4000 ሊሆን ይችላል። ይህ የሚይዘው መጠን ነው፤ እንደ እንስራ ቁጠሩት። ከዚህ ሌላ የባትሪው ስም አለ። በብዙ የኖኪያ ስልኮች ውስጥ ያለው ቢኤል 5 ሲ ይባላል። አዲስ ስትገዙ ስሙ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር መግጠም አለበት።

ያላበጠ ከሆነ አሮጌውን ለብቻው ጠቅልላችሁ ገበያ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ካበጠ ግን በኪስ አይያዝም። ጽሑፉን በወረቀት ገልብጡ። የፈረንጁን ፊደል ባታውቁት እንኳ እንደ ሥዕል አድርጋችሁ ጻፉት፤ ሻጩ ያነበዋል።

ቁጥር ማንበብ ከማታለልም ያድናል። ልኩ ከአሮጌው እኩል ሆኖ ሦስት እጥፍ ይይዛል ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ በገበያ አለ። አንዲት ተማሪያችን እንዲህ ያለውን በውድ ሊሸጡላት ሲሉ «እኩል ቅል የሚይዘው እኩል ነው» ብላ መልሳለች። እኛም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንም። ደግሞም ሳይሸጥ ለዓመታት የተቀመጠ ባትሪ ዝም ብሎም ያረጃል። የተሠራበት ዓመት ተጽፎ ከሆነ እሱንም እዩ።

ሲገባ ወርቅ የመሰሉት ነጥቦች ከስልኩ ጥርሶች ጋር ይግጠሙ። ባትሪው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ፤ በሒሳብ ትምህርት የምታውቁት ነው። አልገባም ካለ አትጫኑት፤ አዙሩት። ከገባ በኋላ ክዳኑን ግጠሙና ቻርጅ አድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን ሰው ባለበት ይሁን። ለብ ማለቱ ደንብ ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ንቀሉት፣ ለሻጩም መልሱት።

ጀርባው በሙጫ የተጣበቀ ስልክስ? እሱን በቤት አትክፈቱ ነው የምንለው። ድፍረት አንሶን አይደለም። ባትሪውም ራሱ በሙጫ ስለተጣበቀ፣ ሰው በቢላዋ ሲፈነቅለው ይቀደዳል። በአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን ሊያወጣው እንዲችል ተደርጎ እንዲሠራ ያዛል። ጥሩ ደንብ ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ግን ያው የተጣበቀው ነው። ስለዚህ ወደ ስልክ ሠሪ ውሰዱት። ከመሄዳችሁ በፊት ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች ይውረድ፤ ጉልበቱ ያነሰ ባትሪ አደጋውም ያንሳል። ሲም ካርዱን አውጡ። የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም። ከዚያ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ደህና ሠሪ ጀርባውን በሙቅ አየር ያላላል። ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪው ከስልኩ ጋር የተያያዘበትን ቀጭን ገመድ ይነቅላል። በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ ይፈነቅላል። በቢላዋ ሲቧጥጥ ካያችሁ አስቁሙት። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

አሮጌውን ባትሪ እሳት ውስጥ አትጣሉ፤ ይፈነዳል። ልጆችም አይጫወቱበት። ባትሪ ቤት ውስጥ ቢቀጣጠል ልጆችን ይዛችሁ ውጡ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ከውጭ ሆናችሁ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ይቻላል።

ከመማሪያ ክፍላችን ውጭ ጥላ ሥር ደረቅ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ አኑረናል። ያረጀ ባትሪ ያላችሁ ነጥቦቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ አሸዋው ውስጥ ቅበሩት። ወደ ከተማ ስንወርድ ለሚቀበል ስልክ ሠሪ እናደርሳለን። ያበጠ ያላችሁ ግን ከማምጣታችሁ በፊት ንገሩን፤ ለእሱ ሌላ ዕቃ እናዘጋጃለን።