የሾጉኑ ጭፍሮች፦ ታማኝነት ለጌታ ወይስ ለሕዝብ?

“ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች” ይላል የአገራችን ሰው። የጃፓኖቹ ሐታሞቶዎችም ጌታቸውን ተማምነው ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመታት በላይ ኖረዋል።

ለመሆኑ ሐታሞቶዎች እነማን ነበሩ? ቃሉ “ከሰንደቁ ሥር” እንደማለት ነው። ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ጃፓንን ሰጥ ለጥ አድርገው የገዙት የቶኩጋዋ ሾጉኖች የቅርብ ሳሙራዮች ናቸው። ቁጥራቸው አምስት ሺህ ያህል ሲሆን፣ ሾጉኑ ፊት የመቅረብ መብት ነበራቸው። ይህ መብት የሌላቸው የበታቾቻቸው ጎኬኒን ይባሉ ነበር። የሐታሞቶ ገቢ ከ10,000 ኮኩ ሩዝ በታች ነው። አንድ ኮኩ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ሩዝ ነው ተብሎ ይገመታል።

አገሩ ሰላም ስለነበረ ሁለት ሰይፍ ታጥቀው ቢውሉም የሚዋጉት ጠላት አልነበራቸውም። ዕድል የቀናቸው ዳኛ፣ የከተማ ሹም ወይም የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ሹመት ያላገኙት ድርጎ እየተቀበሉ ተቀመጡ። ድርጎውን የሚሸጡላቸው የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) የሩዝ ነጋዴዎች ደግሞ የሚመጣውን ድርጎ መያዣ አድርገው በወለድ ያበድሯቸው ጀመር። በ1789 መንግሥት የቆየውን ዕዳ ቢሰርዝላቸው፣ ነጋዴዎቹ ከእንግዲህ አናበድርም አሉ። ባለሰይፉ የነጋዴ እጅ ጠባቂ ሆነ።

ካትሱ ካይሹ በ1823 የተወለደው ከእንዲህ ያለ ድሃ ቤት ነው። የቤተሰቡ ድርጎ 41 ኮኩ ብቻ ነበር። የደች ቋንቋና የባሕር ኃይል ትምህርት ተምሮ፣ በ1860 ካንሪን ማሩ የተባለችውን መርከብ እየመራ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ።

በ1868 የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ወደሚኖርባት ኤዶ ገሰገሰ። ካትሱ ከጦሩ መሪ ከሳይጎ ታካሞሪ ጋር ተደራደረ። በማግስቱ ሊጀመር የነበረው ጥቃት ቀረ፤ ግንቡም ያለ ውጊያ ተረከበ። ይህን ያልተቀበሉ የሾጉኑ ታማኞች ግን ኡዌኖ ላይ መሽገው በአንድ ቀን ውጊያ ተደመሰሱ።

ካትሱ ግን ከወቀሳ አላመለጠም። በዚያችው መርከብ አብሮት የተጓዘው ታዋቂው ጸሐፊ ፉኩዛዋ ዩኪቺ፣ የጌታህን ግንብ ሳትዋጋ አስረክበህ በአዲሱ መንግሥት ተሾምክ ሲል በጽሑፍ ነቀፈው።

የቀሩት ጭፍሮች ብዙዎቹ የጌታቸውን ቤት ተከትለው ወደ ሺዙኦካ ተሰደዱ። ከ1869 ጀምሮ ከነሱ ከፊሎቹ የማኪኖሃራን ጠፍ መሬት አቅንተው ሻይ ተከሉ። አካባቢው ዛሬም በሻይ የታወቀ ነው። የሳሙራዮች ድርጎ በ1876 ጨርሶ ተቋረጠ።

የኡዌኖዎቹ ለጌታቸው ሞቱ። የካትሱ ጌታ፣ የመጨረሻው ሾጉን ዮሺኖቡ ግን እስከ 1913 በሕይወት ኖረ፤ ከተማዋም ከእሳት ተረፈች። ታማኙ የቱ ነበር? ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።