ባይፖላርና የደም ግፊት ሆርሞኖች፦ ተረትና እውነታ

«ቁጣው ከደም ግፊቱ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድለት ጠባዩም ይስተካከላል።» ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት ሰው በማኒያ (ስሜቱ ከልክ በላይ በሚግልበት) ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ፣ ንግግሩ ፈጥኖና ቱግ ሲል ያየ ዘመድ እንዲህ ቢገምት አይፈረድበትም። ግፊት ግን ባይፖላርን አያመጣም፤ ስለወረደም ሕመሙ አይድንም። ደም ግፊትና የልብ ሕመም ባይፖላር ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ መታየታቸው ግን እውነት ነው። ስለዚህ ግፊታቸውን መለካት ሊዘነጋ አይገባም።

«የግፊት ሆርሞን በደም ተለክቶ ባይፖላር ይታወቃል» የሚሉም አሉ። ግፊት ሲቀንስ ኩላሊት ሬኒንን ያመነጫል። በዚህ ሰበብ የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢም ጨውና ውሃ የሚያስቀር አልዶስቴሮን እንዲያወጣ ያደርጋል። አንጂዮቴንሲን አንጎል ውስጥም ስለሚሠራ ተመራማሪዎች ባይፖላር ባለባቸው ሰዎች ላይ መለካታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን መጠኑ ሰውዬው በመቆሙና በመተኛቱ፣ በሚበላው ጨው፣ በሚወስደው መድኃኒት ይለዋወጣል። ስለዚህ ሕመሙን ለመለየት አያገለግልም፤ ባይፖላር የሚታወቀው በሐኪም ቃለ መጠይቅና በሕመሙ ታሪክ ነው።

እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፦ «የግፊት መድኃኒትና የአእምሮ መድኃኒት አይነካኩም።» ይነካካሉ፤ በተለይ ሊቲየም ለሚወስድ ሰው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 እ.ኤ.አ. ለማኒያ መጥቀሙን ያሳወቀው ሊቲየም ዛሬም ከባይፖላር ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ኩላሊት እንደ ጨው ስለሚያየው፣ ሰውነት ጨው ሲያጥረው ሊቲየምንም አብሮ ያስቀራል። ከግፊት መድኃኒቶች ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨው በማስወጣት፣ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ደግሞ ያንኑ የሆርሞን ሰንሰለት በመግታት በደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም ከፍ ያደርጋሉ። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ። ለግፊት ብሎ ጨው በአንድ ጊዜ መተው ራሱ አደጋ አለው። ለረጅም ጊዜ ሕክምና ብዙ ጊዜ በደም ውስጥ የሚፈለገው የሊቲየም መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ከዚያ እስከ መርዛማው ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሌላው የግፊት መድኃኒት አምሎዲፒን ሊቲየምን ከፍ የማድረግ ችግር በአብዛኛው የለበትም፤ ምርጫው ግን የሐኪም ነው።

ስለዚህ የግፊት መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲቀየር ሊቲየም እንደሚወሰድ ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም ይነገር፤ የሊቲየምና የኩላሊት ምርመራም ይደገም። እጅ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ትውከትና ተቅማጥ ከመጣ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ ወይም ንግግር ከተጎተተ፣ ቀጣዩን የሊቲየም እንክብል ሳይወስዱ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።