የዩራኒየም ዋጋና የማዕድን ባለአክሲዮኖች፦ የላንገር ሃይንሪክ ተሞክሮ



ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2007 አጋማሽ የአንድ ፓውንድ ዩራኒየም ዋጋ ከ130 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መገባደጃ ወደ 18 ዶላር ገደማ ወረደ። በዚያ ዘመን ዓለም የሚያመነጨው የኒውክሌር ኃይል በሰባት እጅ አልቀነሰም። ታዲያ ዋጋው ስለ ምን እንዲህ አሽቆለቆለ?

የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት ቢሊዮኖች ዶላር ይፈሳል፤ ዩራኒየሙ ግን ከኤሌክትሪኩ ወጪ የሚይዘው ድርሻ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋጋው እጥፍ ቢሆን ማመንጫው አይዘጋም፤ በግማሽ ቢረክስም ፍጆታው አይጨምርም። አቅርቦቱም ግትር ነው፤ ማዕድኑ ከተገኘ በኋላ ምርት እስኪጀመር ከአሥር ዓመት በላይ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ ግትር ሲሆኑ ጥቂት ጉድለት ዋጋውን ያንረዋል፤ ጥቂት ትርፍም ያረክሰዋል። በጥቅምት 2006 በካናዳ ገና በግንባታ ላይ የነበረው ሲጋር ሌክ በውሃ ሲጥለቀለቅ፣ አንድ ፓውንድ እንኳ ያላመረተ ማዕድን ገበያውን አናወጠ።

ሌላም ጉዳይ አለ። በየዜናው የምንሰማው የዕለቱ ገበያ ዋጋ ነው። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ግን አብዛኛውን ዩራኒየም የሚገዙት ለዓመታት በሚዘልቅ ውል ነው። ስለዚህ ዋጋው ሲንር ማዕድን አውጪው ቀድሞ በተዋዋለበት ዋጋ ሊሸጥ ይገደዳል፤ ሲረክስ ደግሞ ውሉ እስኪያበቃ ድረስ ይጠለልበታል። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት እኔም የማመንጫዎችን ቁጥር ብቻ እየቆጠርኩ ይህንን እዘነጋ ነበር።

ጉዳቱን በናሚቢያው ላንገር ሃይንሪክ እንመልከት። የአውስትራሊያው ፓላዲን ኩባንያ ይህን ማዕድን ወደ ምርት ያስገባው ዋጋው ጣሪያ በነካበት በ2007 ነው። በመጋቢት 2011 የፉኩሺማ አደጋ ደረሰ፤ የጃፓን ማመንጫዎች ተራ በተራ ቆሙ፤ ያልተቃጠለ ነዳጅም ተከማቸ። ካዛክስታን በበኩሏ አሲድ ወደ ከርሰ ምድር አስገብታ ዩራኒየሙን በማሟሟት፣ በርካሽ ማምረቷን ቀጠለች፤ እንዲያውም ምርቷን አሳደገች። ፓላዲን ዕዳውን መክፈል ተስኖት በ2017 በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ኩባንያው መልሶ ሲዋቀር 98 በመቶው አክሲዮን ከነባሮቹ ባለቤቶች ወጥቶ ለአበዳሪዎችና ለአዳዲስ ባለሀብቶች ተላለፈ። ላንገር ሃይንሪክም በ2018 ሥራ አቆመ።

በጥር 2024 ዋጋው እንደገና ከ100 ዶላር በላይ ወጣ፤ በመጋቢትም ያው ማዕድን ዳግም ማምረት ጀመረ። በ2007 «ዓለም ዩራኒየም ያስፈልጋታል» ብሎ አክሲዮን የገዛው ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን ትክክለኛነቱ በተረጋገጠበት ቀን ከያዘው ድርሻ የቀረው ከመቶ ሁለት እጅ ነበር።

ስለዚህ የዩራኒየም ኩባንያን የሂሳብ መግለጫ ስታነቡ በመጀመሪያ የዕዳውን የመክፈያ ቀን ፈልጉ፤ ቀጥሎም ውሎቹ የሚያበቁበትን ዓመት። የዓለም ፍላጎት ትንበያ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።