በዳስ የተቀረጸው ግጥም የማን ነው?

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ በወገራ ደጋ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። አገሩ አዝማሪ አያጣም፤ ስመ ጥሩው የአዝማሪ መንደር ቡርቧክስም የሚገኘው በዚሁ በጎንደር አካባቢ ነው። በሠርግ ዳስ መሰንቆው ሲገዘገዝ አንዱ እንግዳ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዜማው ያወርደዋል። እንግዳው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ሒሳብ እዚያው ተዘጋ። ገጣሚ ግጥሙንም ገንዘቡንም ሰጥቶ ደስ ብሎት የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ።

አሁን ግን ዳሱ ጥግ ስልክ የደገነ ጎረምሳ አለ። ቪዲዮው ማታውኑ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፤ ገቢ ካመጣም የሚገባው በቻናሉ ባለቤት ኪስ ነው።

ይህን የሚዳኘው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ከአንድ ሥራ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ወጥ እንዲሆንና ግዘፍ እንዲነሳ፣ ማለትም ወረቀት ላይም ሆነ ስልክ ውስጥ እንዲሰፍር። ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ የሥራው ማማርና አለማማርም አይመዘንም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለፎቶግራፍ ግን 25 ዓመት ብቻ ነው።

እንግዲህ በቃል ብቻ የተባለ ስንኝ ግዘፍ አልነሳምና ከዚህ ጥበቃ ውጭ ይቀራል። የአዝማሪን ጥበብ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ደግነቱ «ተዛማጅ መብት» የሚባለው ክፍል ለከዋኙ ለራሱ ቆሟል፦ ግጥሙ የማንም ይሁን የማን፣ ያልተቀረጸ ክዋኔውን መቅረጽ፣ የተቀረጸውን ማባዛትና ለሕዝብ ማድረስ የእሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለራስ ማስታወሻ መቅረጽና ቻናል ላይ መጫን አንድ አይደሉም። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይና እንዳይሸጥ ይከለክላል።

ዜማው ትዝታ ወይም አምባሰል ከሆነ ቅኝቱ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የዩቲዩብ መሣሪያ ግን ይህን አይጠይቅም። ኮንተንት አይዲ የሚሉት ሥርዓት ትልልቅ የሙዚቃ ባለመብቶች ካስገቡት ፋይል ጋር ድምፅን ያመሳስላል፤ ተመሳሰለ ካለ ገቢው ወደ እነሱ ሊዞር ይችላል። አዝማሪው የራሱን ሥራ በራሱ ቻናል ጭኖ እንዲህ ቢገጥመው እዚያው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ሌላ ሰው ከወሰደበት ደግሞ የማስወረጃ ቅጽ አለ፤ የቪዲዮውን ሊንክና የባለመብቱን ስም ይጠይቃል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቻናል ይዘጋል። ያልተቆረጠውን የመጀመሪያ ቅጂ ከነቀኑ ማስቀመጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የጎንደር ጥምቀት ሲመጣ ካሜራው ይበዛል፣ «ዝም ብለህ ዝፈን፣ እኛ እናስተዋውቅሃለን» የሚለውም እንዲሁ። ማስተዋወቅ ክፍያ ነው ብሎ የተቀበለ አዝማሪ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ቢያንስ ስሙ ከቪዲዮው ሥር ይጻፍ እላለሁ። ገቢ ካለ ደግሞ የትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ቻናል፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ድርሻ የሚለው በወረቀት ይስፈር። ሕጉ የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ በቃል «ተስማምተናል» የሚል የቻናል ባለቤት ሙሉ ዳሱን ምስክር ቢያቆም እንኳ ክርክሩ ይከብደዋል።