«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለት በፊት

አንድ ቁልፍ ድምፅ ሲያጣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ይቀድማል። በዚህ ፍርድ ብቻ ስንት ሊድን የሚችል የሙዚቃ ኪቦርድ ዕቃ ቤት ተጥሏል!

በአብዛኞቹ ኪቦርዶች ከየቁልፉ ሥር ጎማ አለ። በጎማው ውስጥ ሁለት ትንንሽ የካርቦን ንጣፎች ተለጥፈዋል። ቁልፉ ሲጫን ሁለቱ ተከታትለው ቦርዱን ይነካሉ፤ መሣሪያውም በመካከላቸው ያለችውን ቅጽበት ለክቶ ጣታችን በምን ኃይል እንዳረፈ ያውቃል። ከአንዱ ሥር አቧራ ወይም ቅባት ከገባ ልኬቱ ይዛባል፤ ቁልፉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በስሱ ቢነኩትም ይጮኻል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ብቻውን ሲጮኽ ስፒከሩን መውቀስ አይገባም። ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጥጥና ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ። ካርቦኑን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግን ሊድን የነበረውን ቁልፍ ጨርሶ መግደል ነው።

የጠፉት ቁልፎች ብዙ ከሆኑና በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየስምንተኛው፣ ከተደረደሩስ? ቁልፎቹ በቡድን በቡድን በጋራ መስመር ስለሚነበቡ የተበላሸው አንድ መስመር ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋው ኬብል መላላቱን ወይም የቦርዱ መስመር መሰንጠቁን በቴስተር መለካት ነው።

«ለስላሳ ፈሶበት ነበር፤ ሩዝ ውስጥ አድርቄዋለሁ» የሚሉም አሉ። ውኃው ቢተን ስኳሩና አሲዱ እዚያው ቀርተው መዳቡን ይበላሉ፤ መታጠብ አለባቸው። ከሁሉ በፊት ግን ከኤሌክትሪክ መንቀልና ባትሪ ማውጣት ይገባል። «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ማብራት ከፈሰሰው ፈሳሽ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

«ሶኬቱ ከገባ አዳፕተሩ ይሆናል» የሚለው እምነት ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጤነኛ መሣሪያ ይገድላል። ብዙ የያማሃ የቤት ኪቦርዶች 12 ቮልት ሲሆኑ የሶኬታቸው መሐል ፖዘቲቭ ነው፤ በብዙ የቆዩ ካሲዮዎች ግን 9 ቮልትና መሐሉ ኔጌቲቭ ነው። ከአሜሪካ ከዘመድ የመጣ ኪቦርድ አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈበት በእኛው 220 ላይ አይሰካ። ባለቤቱ በደስታ ሰክቶት ጢስ ካየም ተስፋ አይቁረጥ፤ አንዳንዴ የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. እንደወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ያሉ ሲንተሳይዘሮች ድምፆቻቸው ቢጠፉ የማስታወሻ ባትሪያቸው አልቆ ይሆናል፤ ባትሪው ተቀይሮ ድምፆቹ እንደገና ይጫናሉ።

የመብራት ገመዱ ያለ አዳፕተር በቀጥታ ወደ ውስጥ የሚገባውን ግን ለባለሙያ ይተዉት፤ ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይይዛሉ።